የውጭ ፊልም ጎጃም ላይ ሲሠራ፦ አንዱ ይዞ ሌላው ለምን ይወድቃል?

ቢቸና_27፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የአንድ የውጭ ፊልም የሪሜክ (እንደገና የመሥራት) መብት ገዝተን፣ ታሪኩን ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባለው መስመር ላይ አድርገን በአማርኛ ልንሠራ አስበናል። ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ናቸው (የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አንደኛው በ2013 በማላያላም ቋንቋ የተሠራው የሕንዱ ድሪሽያም ነው፤ ሚስቱና ልጁ ራሳቸውን ሲከላከሉ የሞተባቸውን ወጣት ነገር ከፖሊስ የሚሰውር አባት ታሪክ። ሁለተኛው የ2016ቱ የጣልያን ፐርፌክት ስትሬንጀርስ ነው፤ ሰባት ጓደኛሞች እራት ላይ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የሚገባውን መልእክትና ጥሪ ሁሉ በጋራ የሚሰሙበት። ሦስተኛው የ2014ቱ የፈረንሳይ ላ ፋሚል ቤሊዬ፣ አሜሪካኖች በ2021 ኮዳ ብለው የሠሩት፤ ወላጆቿ መስማት የተሳናቸው፣ እሷ ግን መዝፈን የምትችል ልጅ ታሪክ ነው።

ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ «ተፈትኖ ያለፈ ታሪክ ነው፤ ንግግሩን ብቻ ተርጉመን እንዳለ እንሥራው» ይላል። ሌላው «ሐሳቡ ብቻ ይቅር፣ የቀረውን በሙሉ እንቀይር» ይላል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ያው አንድ ታሪክ አንዱ ጋ ሲሠራ ተመልካች የሚጎርፍለት፣ ሌላው ጋ ሲሠራ አዳራሽ ባዶ የሚቀረው ለምንድን ነው? ደግሞስ ገና ገንዘብ ሳይወጣ፣ ስክሪፕት ሳይጻፍ፣ የሚይዘውን ከሚወድቀው መለየት ይቻላል ወይ?

ዳሞት_ድርሰት፦

እህቴ፣ የሁለቱን ወገን ክርክር ለጊዜው አቆዩትና ለሦስቱም ፊልሞች አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ባለታሪኩ ቀላሉን መንገድ እንዳይሄድ የከለከለው ምንድን ነው? የድሪሽያሙ አባት ለምን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ሚስቴና ልጄ ራሳቸውን ሲከላከሉ ሰው ሞተባቸው» አይልም? የሟቹ ልጅ እናት ከፍተኛ የፖሊስ አዛዥ ስለሆነች ነው። ጣልያኖቹ ለምን ስልካቸውን አንሥተው አይሄዱም? ያነሣ ሰው በራሱ ላይ የመሰከረ ስለሚመስል ነው። የቤሊዬዎቹ ልጅ ለምን ወደ ትምህርቷ አትሄድም? የወላጆቿ ሥራ ያለ እሷ ጆሮ ስለማይራመድ ነው። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገፋው ይሄ ከልካይ ነው። ከልካዩ እናንተ በምትወስዱት አገር ውስጥም ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ብትቀያይሩትም ፊልሙ ይቆማል። ከሌለ ግን ጎበዝ ተዋናይም፣ ውድ ካሜራም አያድነውም። ተመልካቹ በልቡ «ታዲያ ለምን እንዲህ አያደርግም?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ የሚያየው ሁሉ የግድ የተገጣጠመ ይመስለዋል።

ዘ ዲፓርትድን (2006) ተመልከቱ። የሆንግ ኮንጉ ኢንፈርናል አፌርስ (2002) ሪሜክ ነው። 101 ደቂቃ የነበረው 151 ሆኗል፤ ከተማው ቦስተን፣ ወንበዴዎቹ የአየርላንድ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ሆነዋል፤ ሃይማኖቱ፣ ስድቡ፣ ቀልዱ ሁሉ ተለውጧል። ከልካዩ ግን አልተነካም፦ ወንበዴዎቹ ውስጥ የገባው ፖሊስ ፖሊስ መሆኑን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ አለቆች ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ ማንነቱን የሚመሰክርለት የለም። ቦስተንም ሆንግ ኮንግም ሰው የማይተዋወቅባቸው ትልልቅ ከተሞች ስለሆኑ ይሄ ይሠራል። የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ። ያንኑ ታሪክ ሞጣ ላይ አስቀምጡት፣ ወዲያው ይፈርሳል። ሞጣ ላይ አንድ እንግዳ ሰው ጠጅ ቤት ሁለት ቀን ከዋለ «የየት አገር ሰው ነህ? የማን ልጅ ነህ?» መባሉ አይቀርም፤ ሳምንት ሳይሞላ ወገኑ ይታወቃል። ስለዚህ ተደብቆ መኖር የሚጠይቅ ታሪክ ለትንሽ ከተማ አይሆንም።

ከልካዩን ጠብቆ መጥቶ መጨረሻ ላይ የጣለውም ይወድቃል። የሆላንዱ ዳይሬክተር ጆርጅ ስሉይዘር በ1988 የሠራውን ዘ ቫኒሺንግን ራሱ በ1993 ለሆሊውድ ደግሞ ሠራው። የመጀመሪያው አስፈሪ የሆነው ሰውየው የጠፋችውን ፍቅረኛውን እጣ ለማወቅ ሲል ራሱን አሳልፎ ስለሚሰጥና ስለማይተርፍ ነው፤ የማወቅ ዋጋው ሕይወቱ ነው። በሁለተኛው ላይ አዲሲቱ ፍቅረኛ ደርሳ ታድነዋለች። ዳይሬክተሩ ያው፣ ታሪኩ ያው ሆኖ ዋጋው ስለተነሣ ቀድሞ የታየው ሁሉ ባዶ ሆነ።

የምትፈትሹበት መንገድ ይሄ ነው። ዋናውን ፊልም አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ ያለ ንግግር የሚገባችሁ ነገር የታሪኩ አጥንት ነው። ከዚያ በድምፅ እያቆማችሁ ትዕይንት በትዕይንት ጻፉት። አንድ የሁለት ሰዓት ፊልም ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ትዕይንት ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ አራት ረድፍ አድርጉ፦ ምን ሆነ፤ ተመልካቹ ምን አዲስ ነገር አወቀ፤ ሰዎቹን ይህን እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው ምንድን ነው፤ ያ አስገዳጅ ነገር ጎጃም ላይ ምንድን ነው። አራተኛውን ረድፍ «እንደዛው» ብላችሁ እንዳትሞሉት፤ የመሥሪያ ቤቱን፣ የሰውየውን ሥራ፣ የልማዱን ስም ጻፉበት። ሲያልቅ አራተኛው ረድፍ ከአራት ትዕይንት በአንዱ ባዶ ከቀረ ያንን ፊልም ተዉት። ባዶ የቀሩት ጥቂት ሆነው ግን ዋናው ከልካይ ከመካከላቸው ከሆነም ተዉት። ይህ ሥራ ለአንድ ፊልም ሁለት ሰው ካገዘበት ሳምንት አይፈጅም፣ ወጪውም ወረቀት ነው።

ስለ ሦስተኛው ምርጫችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ፈረንሳዮቹ ቤተሰቡን ላም አርቢና አይብ ሻጭ አድርገውት ነበር። አሜሪካኖቹ ማሳቹሴትስ ግሎስተር ወስደው ዓሣ አስጋሪ አደረጓቸውና ከልካዩን አጠበቁት፦ ጀልባው ላይ የባሕር ጠባቂውን ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ከሌለ መሥራት ክልክል ነው። ልጅቷ የቀረች ቀን ወላጆቿ ተያዙ። አሁን ይሄንን ጣና ላይ በታንኳ እንሥራው ብትሉ ሥዕሉ ያምራል፣ ከልካዩ ግን ይጠፋል፤ ታንኳ ላይ ሬዲዮ የለም፣ ደንቆሮ ሰው ብቻውን ቢቀዝፍ የሚከለክለው የለም። ጆሮ የሚያስፈልገው ዳር ላይ ነው፤ ነጋዴው ዓሣውን መዝኖ ዋጋ ሲጠራ፣ «ትናንት የወረደ ነው» ብሎ ሲያጣጥል፣ ሁለት ነጋዴዎች በጎን ሲመካከሩ። ልጅቷ የቀረች ቀን አባትዬው የሳምንት ድካሙን በግማሽ ዋጋ ሲያስረክብ ካሳያችሁ ከልካዩ ተመለሰ ማለት ነው። የወላጆቹን ቦታ ደግሞ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አፋቸው የሆነላቸው መስማት የተሳናቸው ተዋንያን ይያዙት። በፈረንሳዩ እናትና አባት ሆነው የተጫወቱት የሚሰሙ ተዋንያን ነበሩ፣ ብዙ ተወቀሰበት። በአሜሪካው መስማት የተሳናቸው ተዋንያን ተጫወቱት፤ አባትየው በረዳት ተዋናይ ኦስካር ወሰደ፣ ፊልሙም በ2022 የዓመቱ ምርጥ ተባለ።

ሰከላ_85፦

ዳሞት ባለው ላይ ቆሜ ድሪሽያምን ብቻ ልመርምረው፤ ለእናንተ የሚሆነው እሱ ይመስለኛል። በቴሉጉ፣ በካንናዳ (እሱም የሕንድ ቋንቋ ነው)፣ በታሚል፣ በሂንዲ፣ በ2019 ደግሞ በቻይንኛ ተሠርቶ በየቦታው ይዟል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም አለው፦ ትንሽ ከተማ፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ነገር ግን ፊልም አይቶ የማይጠግብ አባወራ፣ የልጁ ስም እንዳይነሣ የሚፈራ ቤተሰብ፣ ሥልጣን ያለው የሟች ወገን። አራቱም እኛ ጋ አሉ።

የሰውየው ሥራ ኬብል ቴሌቪዥን መዘርጋት ነው። እሱ እኛ ጋ የለም፤ ያለው ፊልምና ዘፈን በፍላሽና በሚሞሪ የሚጭነው ሱቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ፊልም ሲገለብጥ ይውላል፣ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፣ ስለ ስልክም ያውቃል። ይህ የመጨረሻው ይጠቅማችኋል፤ የሟቹን ስልክ የሚያርቀው እሱ ነውና። በዋናው ላይ ስልኩን በሚያልፍ የጭነት መኪና ላይ ይጥለዋል። ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ አይሱዙ ላይ ቢጥለው አንድ ቃል ማብራሪያ አያስፈልግም።

አራተኛው ረድፍ ላይ የሚያስቸግራችሁ ሽምግልና ነው። ሕንድ ላይ ያልነበረ ቀላል መንገድ ጎጃም ላይ አለ። ሳያስበው ሰው የገደለ ሰው ሽማግሌና ቄስ ልኮ፣ መስቀል አስይዞ፣ ደሙ እንዲደርቅ ይለምናል። ጎጃሜ ተመልካች «ለምን ሽማግሌ አይልክም?» ማለቱ አይቀርም። ያንን መንገድ መዝጋት አለባችሁ፣ መዝጊያውም ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ሰው ነገሩ ከምን እንደተነሣ ይናገራል፤ ልጁ የመጣው ልጅቷ ገላዋን ስትታጠብ የቀረጸውን ቪዲዮ ይዞ ሊያስፈራራት ነው። ያ ከተነገረ የልጅቷ ስም በአገሩ ሁሉ ይዞራል። እናትየው «ሽማግሌ እንላክ» ስትል፣ አባትየው «ምን ብለን?» ብሎ ሲመልስላት የሚያሳይ አንድ አጭር ትዕይንት ይበቃል። ካላስገባችሁት ፊልሙ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት። በፊልሙ አባትየው ግድያው ከተፈጸመ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ለሁለት ቀን ጉዞ ይወጣል፣ ከዚያ ያገኟቸውን ሰዎች ሁሉ ጉዞው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የተደረገ መስሎ እንዲታያቸው በወሬ ያሳምናቸዋል። እኛ ጋ ሰው ቀን የሚያስታውሰው በቁጥር ሳይሆን በታቦት ነው። «የሚካኤል ዕለት ነው የመጡት» ያለ ምስክርን ሁለት ቀን ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ 12፣ 16፣ 19፣ 21፣ 23፣ 27 ከሚውሉበት አካባቢ ሽሹ። በ7 ሥላሴ ነው፣ በ12 ሚካኤል ነው፤ በመካከላቸው 8፣ 9፣ 10 እና 11 አሉ። ገበሬውም ነጋዴውም እነዚህን ያን ያህል አጥብቆ አይዛቸውም። ልጁ በ8 ይሙት፤ ቤተሰቡ በእውነት የሄደው በ10 እና በ11 ነው፣ «ሄድን» የሚለው በ8 እና በ9 ነው። አራቱ ቀናት ልክ ይበቃሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ጾም ነው። መንገድ ላይ ምሳ ያበላቻቸው አስተናጋጅ ቀኑን ብትረሳ፣ ያዘዙትን አትረሳም። በእውነት የሄዱት ሐሙስ ሆኖ ጥብስ ከበሉና «ረቡዕ ነበር» ካሉ፣ «ረቡዕ ጥብስ አዘዙ?» ብላ ታፈርሰዋለች። ስለዚህ 8 ረቡዕ ይሁን። እውነተኛው ጉዞ ዓርብና ቅዳሜ ይሆናል፤ ዓርብ ጾም፣ ቅዳሜ ፍስክ። የሐሰቱ ረቡዕና ሐሙስ ይሆናል፤ እሱም ጾም፣ ፍስክ። ምግቡ ይገጥማል። ወሩን ጥቅምት አድርጉት፤ ዝናቡ አብቅቷል፣ የነቢያት ጾም ገና ኅዳር 15 ነው የሚገባው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ ከቤተሰቡ ማንም የማይጾመው አድርጋችሁ ጻፉ፣ አለዚያ ቅዳሜው ይበላሽባችኋል። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት 8 ረቡዕ ነበር፤ ታሪኩን እዚያ ዓመት ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። የሚቀረው እንቅፋት የቅዳሜ ገበያ ነው። ባሕር ዳር ቅዳሜ ሲገቡ ገበያው ደምቆ ያያቸው ሰው ያንን አይረሳም፤ ስለዚህ ቅዳሜን ከገበያው ርቀው ይዋሉ።

የት ይዋሉ? ሆቴል አይሆንም። ሆቴል መታወቂያ አይቶ፣ ስምና ቀን መዝግቦ ነው አልጋ የሚሰጠው፤ መዝገብን በወሬ ማሳሳት አይቻልም። በዋናው ፊልም ቤተሰቡ የሄደው መንፈሳዊ ጉባኤ ላይ ነው፣ የእኛ አቻው ጸበል ነው። ግሽ ዓባይ ጸበል የሚመጣ ሰው ቅጥሩ ውስጥ ያድራል፣ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ያወራል፣ የሚመዘግበው የለም። ምስክሮቹ ሁሉ ሰዎች ይሆናሉ፣ ሰውን ደግሞ አባትየው ያውቅበታል። ለጉዞው መረጃ ከመናኸሪያ የሚቆረጥ የአውቶቡስ ትኬት ይሻላል፤ ሚኒባስ ብዙ ጊዜ ወረቀት አይሰጥም። ትኬቱ ላይ ቀን ስለሚጻፍ ግን የ8ቱን ትኬት በ8 ጠዋት መቁረጥ አለበት ማለት ነው፣ ግድያው ደግሞ ማታ ነው። ይህን የምትፈቱት ሱቁ መናኸሪያ አጠገብ ሆኖ፣ የተጣለ ትኬት የሚያነሣበትን ትዕይንት በመጨመር ነው። ትኬት ላይ ሁልጊዜ የተሳፋሪ ስም የሚጻፍበት መስመር ከሆነ አይሠራም፤ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ዓባይ_ማዶ፦

የሰከላን ዝርዝር ወድጄዋለሁ፤ ግን «እንዳለ እንሥራው» ያለው ወገንም ያለ ምክንያት አልተናገረም። የታሚሉን ድሪሽያም የሠራው ራሱ የማላያላሙ ዳይሬክተር ጂቱ ጆሴፍ ነው፤ ትዕይንቶቹን ያን ያህል አልነካካቸውም፣ ይዞለታል። ምክንያቱ ግን የፖሊሱ አሠራር፣ የቤተሰቡ አኗኗር፣ ፊልም የመውደዱ ነገር በሁለቱም ክልል አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ሲሆን መቅዳት ይሠራል። ቻይናዎቹ ግን ታሪኩን ታይላንድ ውስጥ ባሉ ቻይናውያን ላይ አድርገው መጨረሻውን ለወጡት፤ አባትየው እጁን ይሰጣል።

እናንተም መጨረሻው ላይ መወሰን አለባችሁ። በሕንዱ አስከሬኑ የሚገኘው ገና በመሠራት ላይ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ወለል ሥር ነው፣ ይሄ ባለበት ይቅር፤ በየወረዳው የሚሠራ ጣቢያ አለ። የሚለወጠው የሟች እናት ነገር ነው። ጎጃም ላይ ልጇ የጠፋባት እናት፣ ሞቷል ብላ ፍትሐት አታስፈታ፣ አርባውን አታወጣ፤ በሕይወት አለ ብላ እንዳትጠብቅ ድምፁ የለም። መጨረሻ ላይ አባትየው ፊት ቆማ «አልከስህም፤ ቀኑን ብቻ ንገረኝ፣ ተዝካሩን ላውጣ» ብትል ከሕንዱ የበለጠ ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ሳይመልስላት የሚሄድ አባት ይቅርታ የሚደረግለት አይመስለኝም። የገዳዩ ቤተሰብም የንስሐ አባት አለው፤ የገደለችው ልጅ ወይ እናቷ ጾም በገባ ቁጥር ሳትቆርብ መቅረቷ ጎረቤት የሚያየው ነገር ነው። ይህንን መስመር ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ቤተሰቡ የጎጃም ቤተሰብ አይመስልም።

ስለ ጣልያኑም ላንሣ፤ በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ተወዳዳሪ የለውም። አንድ ቤት፣ አንድ ሌሊት፣ ሰባት ተዋናይ። በ2019 ብዙ ጊዜ እንደገና የተሠራ ፊልም ተብሎ ጊነስ መዝገብ ሲገባ 18 ጊዜ ተሠርቶ ነበር። ማዕዱ ላይ ግን አንድ ታላቅ ሰው፣ አንዲት እናት፣ አንድ ቄስ እንዳይገኝ፤ እነሱ ባሉበት ስልክ የማስቀመጥ ጨዋታ ማንም አይጀምርም። እኩዮች ብቻ ይሁኑ። ለእኛ የሚሆነው ምስጢር ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የቴሌብር መልእክትም ነው። «ይህን ያህል ብር ለእገሊት ልከዋል» የሚለው ጽሑፍ ስም፣ መጠንና ሰዓት ይዞ ስለሚመጣ አያስተባብልም።

እዚያ ፊልም ላይ ሁለት ወንዶች ስልክ ይለዋወጣሉ፣ የአንዱ ምስጢር ሌላው ላይ ይወድቃል፤ ምስጢሩ የወንድና የወንድ ፍቅር ነው። በ2022 የወጣው የዐረብኛው ቅጂ ይህን ይዞ ግብጽ ውስጥ ትልቅ ውዝግብ አስነሣ። እዚህ ያንን እንደማትይዙት ግልጽ ነው፤ የሚተካው ግን ዝም ብሎ «ሌላ ምስጢር» ሊሆን አይችልም። ሁለት ነገር ማሟላት አለበት፦ ምንም ያላደረገው ሰው ሚስቱ ፊት የሚወገዝበት፣ ራሱን ነፃ ለማውጣት ደግሞ ጓደኛውን ማጋለጥ ግድ የሚሆንበት። በድብቅ የተወለደ ልጅ ሁለቱንም ያሟላል። ስልኩ ላይ የሕፃን ድምፅ «አባዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ተለዋዋጮቹን ወንድና ሴት ላድርጋቸው ብላችሁ ግን እንዳትሞክሩ፤ «የት ነህ» እና «የት ነሽ» የስልኩን ባለቤት ወዲያው ያወጣዋል።

ጣና_ኤዲት፦

ከኤዲቲንግ በኩል የማየው ውድቀት ሌላ ነው። ዋናውን ፊልም ፊት ለፊት አስቀምጦ ቆረጣውን በሰከንድ መቅዳት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አዎንታውና አሉታው የሚታወቀው የመጨረሻው ቃል ላይ ነው። መርማሪው «ልጁን ሐሙስ ማታ መናኸሪያው በር ላይ አይቼዋለሁ ብለህ ነግረኸኝ…» ሲል «ነበር» ይሁን «አልነበረም» ገና አልታወቀም። ዋናው ፊልም ላይ የአባትየው ፊት የሚታየው ንግግሩ መሀል ላይ ከሆነና እናንተ እዚያው ሰከንድ ላይ ከቆረጣችሁ፣ ተዋናዩ ገና ላልሰማው ነገር ሲደነግጥ ይታያል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባይለየውም ትወናው ደካማ ይመስለዋል።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ፊቱን ከግሡ በኋላ አምጥቶ ዝምታውን ማስረዘም ነው። ሁለተኛው ንግግሩን መሰባበር ነው፦ «ሐሙስ አላየኸውም። ረቡዕ ነው ያየኸው። መናኸሪያው በር ላይ።» እንዲህ ሲሆን ሦስት መቁረጫ ታገኛላችሁ። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ተዋንያኑ ስክሪፕቱን በሙሉ ጮክ ብለው ያንብቡት፣ በስልክም ቢሆን ቅዱት፣ ኤዲቲንግ ላይ ደርድሩና ርዝመቱን ለኩ። የተተረጎመ ንግግር ብዙ ጊዜ ከዋናው ይረዝማል፤ እዚህ ላይ ካልቀነሳችሁት የምትቀንሱት ከተቀረጸ በኋላ ነው፣ ያኔ ትዕይንት ነው የሚወጣው።

ምርመራው ላይ ደግሞ አማርኛ የሚሰጣችሁን አትጣሉ። የከተማው ወጣት ፖሊስ አባትየውን ሲያውቀው «አያ እገሌ፣ እርስዎ» እያለ ነው። ምርመራ ክፍል ገብተው «አንተ» ሲለው ተመልካቹ ዱላው እንደቀረበ ይገባዋል፤ ዱላውን ማሳየት ላያስፈልግ ይችላል። በሕንዱ ፊልም ይህን ቦታ ረጅም ድብደባ ነው የያዘው።

ሌላው የሚታለፍ ነገር፦ ምስጢሩ አልቋል ወይስ አላለቀም? በ1960 የወጣው ሳይኮ ዋናዋን ተዋናይት ገና ግማሽ ሳይደርስ ገድሎ ነው ሰውን ያስደነገጠው፤ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም አዳራሽ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በ1998 ገስ ቫን ሳንት ያንኑ ስክሪፕት፣ ያንኑ የካሜራ አቀማመጥ ከሞላ ጎደል በቀለም ደገመው። ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማያውቅ ተመልካች። ወደቀ። እናንተም ከመምረጣችሁ በፊት በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ በአማርኛ የሚተረኩትን የፊልም ታሪኮች ፈልጉ። መጨረሻው በአሥር ደቂቃ ትረካ ተነግሮ ከሆነ «ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ የለም። ድሪሽያም በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ግድያውን ተመልካቹ ራሱ አይቶታል፣ የሚጠብቀው እንዴት እንደሚያመልጡ ነው። የአስከሬኑ ቦታ ግን ከታወቀ ቦታውን ለውጡት።

ሕግና_ጥበብ፦

መብቱን በተመለከተ ባጭሩ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 ተሻሽሏል) ሥራን መተርጎምና ወደ ሌላ ቅርጽ ማዛመድ የባለመብቱ ፈቃድ ይፈልጋል። ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም፤ «እራት ላይ ስልክ ማስቀመጥ» የማንም አይደለም፣ ሰባቱ ገጸ ባሕርያት፣ የነገሩ ቅደም ተከተልና ንግግሩ ግን የደራሲው ነው። ይህን ድንበር ያለፈ ሰው ዋጋ ከፍሏል፦ የ1964ቱ ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ የጃፓኑን ዮጂምቦ (1961) ያለ ፈቃድ ስለተከተለ፣ በስምምነት የዓለም ገቢውን 15 በመቶና የጃፓንን ስርጭት ለጃፓኖቹ ሰጠ፤ አሜሪካ የታየውም በ1967 ነው።

የሪሜክ መብት ከማሳያ መብት የተለየ ነው፤ ፊልሙን በአገራችሁ የማሳየት ፈቃድ ያለው አከፋፋይ እንደገና የመሥራት ፈቃድ ሊሸጥላችሁ አይችልም። መጀመሪያ ሙሉውን መብት አትግዙ፤ ለ12 ወይም ለ18 ወር የምርጫ ውል (ኦፕሽን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ መብቱን የመግዛት ዕድል የሚያስይዝላችሁ) ያዙ፣ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከሙሉ ዋጋው ትንሽ እጅ ነው፣ ስክሪፕታችሁን የምትጽፉት በዚያ ጊዜ ነው። ውሉ ላይ ቋንቋው፣ አገሮቹ፣ ሲኒማ ብቻ ወይስ ዩቲዩብና ቴሌቪዥን ጭምር፣ መጨረሻውን የመለወጥ ነፃነት በግልጽ ይጻፍ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ዓባይ ማዶ ያለውን ለውጥ አድርጋችሁ ስትጨርሱ ባለመብቱ አልቀበልም ሊል ይችላል። ድሪሽያም ላይ ደግሞ የየቋንቋው መብት ለየብቻው ስለተሸጠ ከመጀመሪያው የማላያላም ባለመብት ጋር መነጋገራችሁን አረጋግጡ፤ የሂንዲውን የሠራው ኩባንያ የአማርኛ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ላይኖረው ይችላል።

ቢቸና_27፦

እግዚአብሔር ይስጥልን ሁላችሁንም። ወደ ድሪሽያም አዘንብለናል፣ አራቱን ረድፍ ነገ እንጀምራለን። አንድ የቀረኝ፦ አዛዧ ሴት ትሁን ወይስ ወንድ? ቡድናችን ውስጥ «በዞን ደረጃ ሴት አዛዥ አያምኑንም» የሚል አለ።

ሰከላ_85፦

ሴት ትሁን። የምታሳድደው አዛዥና የምታለቅሰው እናት አንድ ሰው መሆናቸው ነው የፊልሙ ኃይል፤ ወንድ ካደረጋችሁት ለሁለት ሰው ይከፈላል። እንዲታመን የሚያደርገው ሥራዋን ስትሠራ ማሳየቱ ነው። ልጇ ከመጥፋቱ በፊት ባለው ክፍል፣ ሌላ ጉዳይ ላይ ስብሰባ ስትመራና ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡ መኮንኖች ቆመው ሪፖርት ሲያቀርቡላት የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ተኩል ትዕይንት ጨምሩ። በዚያው ትዕይንት ውስጥ ልጇ ደውሎ ገንዘብ ይጠይቃት፣ ሳትጠይቀው በሞባይል ባንክ ትላክለት። ልጁን እንዴት እንዳሳደገችው፣ ለምን ማንንም እንደማይፈራ በዚያች አንድ ትዕይንት ይታወቃል፤ በኋላም የስልኩን መንገድ ስትከታተል መነሻ የሚሆናት የዚያች ዝውውር ሰዓት ነው።